የቃጫው ገመድና የመኪናዬ መስኮት

ያቺን አሮጌ መኪና የገዛኋት ለአባቴ ስል ነው። ወገባቸውን ስለሚያማቸው እስከ ሐዋሳ ሆስፒታል ተቀምጠው መሄድ አይችሉም። መኪናዋ ደግሞ ውስጧ አልጋ ተሠርቶላታል፤ ድሮ የያዟት ሰዎች አገር ላገር እየዞሩ ያድሩባት ነበር። ተኝተው ይሄዳሉ ብዬ ደስ አለኝ። ችግሯ አንድ ነው፤ በአልጋው በኩል የመስኮቱን መስታወት ዙሪያውን የያዘው ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዲላ ላይ ዝናብ መች ይጠፋል? ፍራሹ ሁልጊዜ እንደራሰ ነው።

አዲስ ጎማ ገዝቼ ልቀይረው ተነሳሁ። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። በጎማው ቦይ ውስጥ ገመድ ይዞራል፤ አንዱ ከውጭ መስታወቱን ሲገፋ ሌላው ከውስጥ ገመዱን ይስባል፣ ያኔ ጎማው ቦታውን ይይዛል። አባቴ ከወናጎ መጥተው እኔ ቤት ነበሩ። ለእኔ አይደል እንዴ የምትለፋው ብለው አልጋው ላይ ወጡና የውስጡን ያዙ።

የናይሎን ገመድ መፈለግ ሰለቸኝና ቤት የነበረውን የቃጫ ገመድ አነሳሁ። እንዲያንሸራትት ብዬ በሳሙና ውሃ ነከርኩት። አባቴ ይህን አይተው፣ "ልጄ፣ ቃጫ ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ ይነክስብሃል" አሉኝ። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። በስልኬ ቪዲዮ አይቼ የለ፣ ሊቅ ሆኛለሁ።

ገመዱ እስከ ግማሽ መጣና ቀጥ አለ። አባቴ መሳቡን ትተው እንፍታው አሉ። እኔ ደግሞ ቶሎ የምግል ሰው ነኝ። ገብቼ ከእጃቸው ነጠቅሁና ባለኝ ኃይል ሳብኩት። መስታወቱ ከጥጉ ተሰነጠቀ። ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ያያል። ጥፋቱ የኔ መሆኑን እያወቅሁ፣ ምነው አፌን በቆረጠው፣ "ይሄ ገመድ መግመድ አይደለም። የማያውቁትን ለምን ይነካሉ?" አልኳቸው።

እኔን ያስተማሩኝ እኮ ቃጫ እየገመዱ፣ ገበያ ወስደው እየሸጡ ነው። ቀስ ብለው ወረዱ፣ እጃቸውን ታጠቡና ወደ ቤት ገቡ።

ሌላ መስታወት አስመጥቼ በናይሎን ገመድ ገጠምኩት። አሁን ጠብታ አያስገባም። ይቅርታ ግን አልጠየቅሁም፤ ዛሬ ነገ ስል፣ መንገድ ላይ እነግራቸዋለሁ ስል ቀረ። የሆስፒታል ቀጠሯቸው ዕለት ጠዋት ፍራሹን አንጥፌ ብጠራቸው የሉም። መናኸሪያ ስደርስ ሚኒባስ ውስጥ ጥጉን ይዘው ተቀምጠዋል። ብለምን ብለምን፣ ይሄ ይሻለኛል፣ አንተ ወደ ሥራህ ሂድ አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ባዶ አልጋ ይዤ ከኋላቸው እስከ ሐዋሳ ነዳሁ። እዚያ ሲወርዱ ወገባቸውን ማቃናት አቃታቸው፤ ተሳፋሪዎች ግራና ቀኝ ደገፏቸው። አንዲት ሴትዮ፣ "አባባ፣ ልጅ የለዎትም እንዴ?" አለቻቸው።

"አለኝ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ሥራ ይዞት ነው" አሉ።

ከኋላቸው ቆሜ ነበር፤ አላዩኝም። እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ።