ሦስት ክንድ ገመድ

ባሌ ወንድማገኘሁ እኔ ላይ አንድ ቀን እጁን አንስቶ አያውቅም። ደንበኛ ግን መትቷል። ሜልበርን፣ ዊሊያምስታውን ወደብ ዳር የጀልባ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ለመልሕቅ ይሆነኛል ብሎ ያንን ርካሽ ሰማያዊ ገመድ የሚያነሳ ሰው ካየ፣ ከእጁ ነጥቆ መሬት ላይ ይወረውረዋል። ገመዱ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ፀሐይ ሲመታው የሚፈረፈር ነው። አንዴ አንድ ፈረንጅ መልሶ ሊያነሳው ጎንበስ ሲል ደረቱን በቡጢ አለው። ባለሱቁ ሊያባርረው ወረቀት ሁሉ ጽፎ ነበር። የተመታው ሰውዬ ግን በወሩ ተመልሶ መጥቶ አመሰገነው፤ በዚያው ገመድ የታሰረች የጎረቤቱ ጀልባ አለት ላይ ተፈጥፍጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለሱቁ የሰንሰለቱን ክፍል ለእሱ ትቶለታል።

ሰንሰለት ሲመርጥ ለልጁ ባል የሚመርጥ ነው የሚመስለው። ቀለበቱን አንድ በአንድ በጣቱ ይዳስሳል፣ ብየዳው ላይ አፍጥጦ ይቆያል። ሠላሳ ጫማ ለምትረዝም ጀልባ ስምንት ሚሊ ውፍረት፣ ቀለበቱ አጭር፣ እንዳይዝግ ዚንክ የተለበጠ። አሸዋ ላይ ለሚቆም ሰው ግማሹ ሰንሰለት፣ ግማሹ የሚለጠጥ ነጭ ናይሎን ቢሆን ይፈቅድለታል። ድንጋያማ ባሕር ለሚሄድ ግን እስከ መጨረሻው ሰንሰለት ነው፤ ድንጋይ ገመድ ይበላል። በስተመጨረሻ የሰንሰለቱን ጫፍ ከጀልባዋ ጋር የምታስር ሦስት ክንድ ገመድ በራሱ ክንድ ለክቶ በነጻ ይሰጣል። መልሕቁ አልነቀል ቢል፣ መሸሽም ቢመጣ፣ ብረት በቢላዋ አይቆረጥም፤ ገመድ ግን ይቆረጣል። እንግሊዝኛው ይህን ሁሉ ለማስረዳት ስለማይበቃ «ኖ ሮፕ፣ ኖ ሴል»፣ ያቺ ገመድ ከሌለች ሽያጭ የለም፣ ብሎ ይጨርሰዋል።

ይህን ጠባይ ያመጣው የቀይ ባሕሩ ዳህላክ ነው። ባሕር ኃይል ሳለ የአንዲት የቅኝት ጀልባ መልሕቅ በእሱ እጅ ነበር። በጦርነቱ ማብቂያ ባሕረኛው ጀልባ እየፈታ ወደ የመን መኮብለል ሲጀምር፣ አዛዡ ሌተና ደመላሽ መላ አገኘሁ አለ። ያቺ የጫፏ ገመድ እንድትወጣና ሰንሰለቱ በሻክል፣ ማለትም ቡሎን ባለው የብረት ቀለበት፣ ከጀልባዋ አካል ጋር እንዲቆለፍ፣ ቡሎኑም እንዳይፈታ በመዶሻ እንዲቀጠቀጥ አዘዘ። ወንድማገኘሁ ነገሩ ሞት መሆኑን ያውቃል። ሆኖም «እሺ ጌታዬ» አለና ቀጠቀጠው። እሺ ይበልጣል ከሺህ እየተባለ ያደገ ሰው ሌላ ምን ይላል?

በሦስተኛው ሳምንት ጎሕ ሲቀድ ከደሴቶቹ ጀርባ ከባድ መትረየስ ተከፈተባቸው። መልሕቁ ኮራል ድንጋይ ሥር ተሰክቶ አልነቀል አለ። ሞተሩ ያጓራል፣ ጀልባዋ ግን እንደ ታሰረ በሬ ባለችበት ትዞራለች። በአምላክ የሚባለው ጓደኛው ሻክሉ ላይ ተንበርክኮ ቡሎኑን በመዶሻ ሲደበድብ ጥይት ሆዱን ቀደደው። በአንድ እጁ አንጀቱን ይዞ፣ በሌላው መደብደቡን አላቆመም፤ ሁለተኛው ጥይት ራሱን እስኪያገኘው ድረስ። ከእሱ ሌላ አራት ሰዎች አለቁ። ባሌ ከውሃ ተለቅሞ ነው የተረፈው። አዛዡ የዚያን ዕለት የብስ ላይ፣ ስብሰባ ላይ ነበር።

በፈረንጆቹ 1997፣ መጋቢት ላይ፣ ያው ደመላሽ ሱቁ ገባ። አሁን ሆፐርስ ክሮሲንግ የሚኖር፣ የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ፣ ጌታን የተቀበለ ሰው ሆኗል። ያረጀች ባለሸራ ጀልባ ገዝቶ ከልጁ ከትሕትና ጋር ታዝማኒያ ደሴት ድረስ ሊሄድ ነው። ልጅቷ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አብራው ገብታ ኮምፓስ ታገላብጣለች። ባሌ ገና ድምፁን ሲሰማ አወቀው። ደመላሽ አላወቀውም፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የአገሩን ልጅ በማግኘቱ ደስ ብሎት አርባ ሜትር ሰንሰለት አስቆረጠና፣ ጫፉን በሻክል ነው የምቆልፈው፣ ገመድ አላምንም አለ።

«እሺ ጌታዬ» አለው ባሌ።

«ጌታ አንድ ነው ወንድሜ። ደመላሽ በለኝ።»

«እሺ ጌታዬ።»

ትልቁን ሻክል ከመደርደሪያ አውርዶ ሰጠው። ሦስቱን ክንድ ገመድ አልለካም።

እኔ ከሺፍት ወጥቼ ዌስት ፉትስክሬይ ቤታችን ጫማዬን ሳወልቅ ነው የደረሰው። ገብቶ ወንበሩን አነሳና ግድግዳው ላይ ሰባበረው። ከዚያ ቁጭ ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ወንበሩን ከመስበሩ ይልቅ አስፈራኝ። ገደልኩት አለኝ። ደም ፍለጋ እጁን አየሁ፣ ልብሱን አየሁ። ሁሉንም ሲነግረኝ፣ ጀልባዋ በማግሥቱ እንደምትነሳና ልጅቷም እንደምትሄድ ሲነግረኝ፣ በያዝኩት ጫማ ፊቱን አልኩት። አሁንም አልጸጸትም።

«ያቺ ልጅ ዳህላክ ነበረች ወይ?» አልኩት። «ሁለተኛ እሺ ብለህ ሰው ልትገድል ነው?»

ተነስቶ የወንበሩን ስብርባሪ ይለቅም ጀመር።

ጠዋት ሳልጠራው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ገመዱን ትከሻው ላይ ጠምጥሟል፣ ጭኑ ላይ ቢላዋ አለ። ወደቡ ስንደርስ ደመላሽ ሸራ እየፈታ ነበር። ባሌ ደህና አደርክም ሳይል ዘሎ ጀልባዋ ላይ ወጣ።

«የበአምላክ ጓደኛ ነኝ» አለው።

የደመላሽ ፊት አመድ ሆነ። ቢላዋውን አየ፣ ሊገድለኝ መጣ አለ፣ የሸራ ማጠንጠኛውን የብረት እጀታ አንስቶ ባሌን ግንባሩ ላይ መታው። ደሙ ዓይኑን ሞላው። ባሌ ሳያይ በጭፍኑ ተወርውሮ ያዘውና ሁለቱም ወደቁ። አንዱ የአንዱን ጆሮ ይነክሳል፣ አንዱ የአንዱን ራስ ከእንጨቱ ጋር ያጋጫል፣ ልጅቷ «ስቶፕ ኢት» እያለች ትጮኻለች። መጨረሻ ላይ ባሌ ከላይ ሆነ። ጉልበቱ የደመላሽ ደረት ላይ፣ ቢላዋው ጉሮሮው ላይ። ለምን እንደመጣን ረስቶታል። በልቡ ዳህላክ ነው ያለው፤ ከፊቱ አወቅሁት።

«ወንድማገኘሁ፣ ገመዱ» አልኩት።

ቢላዋውን አነሳና ተነስቶ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ሄደ። ሻክሉን ፈትቶ ባሕር ውስጥ ወረወረው። ደሙ እየተንጠባጠበበት ገመዷን አሰረ፣ ቢላዋውን ከአጠገቧ ሰካው፣ ልጅቷን ጠራት። ሰንሰለቱን መልቀቅ ግድ ከሆነ ገመዷን ሳትጠይቂ ቁረጪ አላት።

«ኦኬ» አለችው።

«ኦኬ አትበይኝ። ምን እንዳልኩሽ መልሰሽ ንገሪኝ።»

በእንግሊዝኛ ነገረችው። ደግመሽ አላት፤ ደገመችው። ከዚያ ወረድን፤ እነሱም ሸራ ዘርግተው ሄዱ። ሐኪም ቤት ግንባሩን በዐሥራ አንድ ስፌት ሰፉት።

በሦስተኛው ቀን የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ሜልበርንን ደበደባት፤ የእኛም ጎዳና ላይ አንድ ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ መኪና ላይ ወደቀ። ባሌ ሥራ አልሄደም፣ እህልም አልቀመሰም። ሞተው ከሆነ ጸሎቴ ተሰማልኝ ማለት ነው አለኝ፤ ጸሎቱ ይህ እንደነበር ያን ቀን አወቅሁ። አለቀስኩ፤ ለልጅቷም፣ ለእሱም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ትሕትና ናት፣ ከኋላዋ ጆሮው የታሸገ አባቷ፤ አድራሻችንን ከባለሱቁ ጠይቀው ነው። የነገረችን እሷ ናት። ውቅያኖሱን ከማየታቸው በፊት፣ የባሕረ ሰላጤው አፍ ላይ ባለችው ኩዊንስክሊፍ አጠገብ መልሕቅ ጥለው ማዕበሉ እስኪያልፍ ይጠብቁ ነበር። አንድ ትልቅ የዓሣ ማጥመጃ መርከብ ማሰሪያውን በጥሶ በማዕበሉ እየተገፋ ቀጥታ መጣባቸው። መልሕቁ አለት ውስጥ ገብቶ አልነቀል አለ። ሰንሰለቱ እስከ መጨረሻው ተተርትሮ ገመዷ ብቅ ስትል አባቷ ከመሪው ሆኖ አትቁረጪ እያለ ጮኸ። ሰንሰለቱ ይዟል፣ ብንለቀው እንጠፋለን ይላል። እሷ እሺ አላለችም። በአንድ ምት ቆረጠቻት። መርከቡ የጀልባቸውን የኋላ አጥር ብቻ ጠራርጎ አለፈ።

ደመላሽ ከኪሱ የቀረችውን የገመድ ቁራጭ አውጥቶ ዘረጋለት። የባሌ ደም አሁንም ጠቁሮ ይታይባታል። ባሌ ተቀበለውና ከክርኑ እስከ ጣቱ ለካት፤ አንድ ክንድ ነበረች።

«ለበአምላክ ይህቺው ትበቃው ነበር» አለ።

ደመላሽ ደፉ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ የሌሎቹን ስም ረስቼዋለሁ አለ። ባሌ ላይ ያን ጊዜ ቁጣ አላየሁበትም፤ ድካም እንጂ።

«አምስቱንም እነግርሃለሁ» አለው። «አንተ ደግሞ መልሰህ ትነግረኛለህ።»

«እሺ ጌታዬ» አለ ደመላሽ።

ወንድማገኘሁም አጠገቡ ተቀምጦ ከበአምላክ ጀመረ።