ከጅዳ የሚመጣው እንክብል

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ቆሮሶ ዓሣ በልቶ ዑምኩልሱምን የማያውቅ የለም። መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ዓሣ እያጸዳች ስትሸጥ ነው ጸጉሯ የሸበተው። ዓሣውን የሚያወጣላት ደግሞ ባሏ ዘይኑልአቢዲን ነው፤ ሰው ሁሉ ዘይኑ ነው የሚለው። ዘይኑ በደህናው ጊዜ እንዴት ያለ ሰው መሰላችሁ! ሁለት ጎረምሳ የሚያቃስትበትን መረብ ለብቻው ጎትቶ ሲያበቃ ሚስቱን መተረብ የሚጀምር። «ዑሚ፣ ዓሣውን ያጠመድኩት እኔ ነኝ፤ እኔን ግን ማን እንዳጠመደኝ እንጃ» ይላታል። እሷም «አንቱ ሰውዬ፣ ሽምግልና አያምርብዎትም» ብላ ትስቃለች።

ታዲያ ሽምግልናው የምር መጣ። መጀመሪያ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቀጥሎ ከሐይቁ ወደ ከተማ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረውና መሀል መንገድ ላይ ይቀመጣል። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ነርሷ ሰብለወንጌል ክንዱን አስራ ለካችውና ግፊት ነው አለች። «አባባ፣ ይቺን ኪኒን በየቀኑ ይዋጧታል። ተሻለኝ ብለው እንዳያቆሙ» ብላ አስጠነቀቀችው።

አንድ ልጃቸው ሉብና ናት። ለውጡ የመጣ ሰሞን፣ የአረብ አገር መንገድ እንደገና ሲከፈት፣ ጅዳ ሰው ቤት ልትሠራ ሄደች። ስትሄድ አባቷን አንገቱን አቅፋ፣ «ሳታረጅብኝ እመጣለሁ» ብላው ነው። በስልክ ግን የትንፋሹን ሲር ሲር ትሰማለች፤ ስልኩን ስትዘጋም ታለቅሳለች። የምታገለግላት ማዳም ታዲያ አንድ እንክብል ትውጥ ኖሯል፤ ስልክ ላይ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰውዬ የሚያስተዋውቀውን። ሉብና ለእናቷ እንዲህ ብላ አስረዳቻት፦ «እማዬ፣ ሰውነታችን ሴል ከሚባል ጥቃቅን ነገር ነው የተሠራው። ሰው ሲያረጅ የሴሉ ኃይል እንደ ስልክ ባትሪ ያልቃል። ይህ እንክብል ቻርጅ ያደርገዋል። አባዬ አያረጅም!»

እንክብሉ ከጅዳ በተመለሰች ልጅ እጅ መጣ፤ ከዘምዘም ውኃና ከተምር ጋር በአንድ ሻንጣ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ዑምኩልሱም ብልቃጡን ተቀብላ ሳመችው። ከሐረሙ፣ ከተቀደሰው አገር የመጣ፣ ከዘምዘም ጋር አብሮ የተጓዘ ነገር እንደ ተራ ኪኒን ይታያል እንዴ! ቢስሚላህ ብላ በዘምዘም ትሰጠዋለች። ጎረቤቷ ጥሩሰው፣ ማተብ ያሰረች ክርስቲያን፣ «ለጉልበቴ እኔንም አቅምሽኝ እንጂ» ስትል እንዴት ትከልክላት? በረካ ያለው ነገር ብቻን አይበላም። ሰጠቻት። የግፊቱን ኪኒን ግን፣ ሁለት መድኃኒት አንድ ሆድ ውስጥ ይጣላል ብላ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ከታ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አኖረችው። ዘይኑ አልጠየቀም። እሷ የሰጠችውን ነው የሚውጠው።

ደግሞ የተሻለው መሰለ! ልጁ ላቧን አንጠፍጥፋ እንደላከችለት ሲያስብ ነው መሰል፣ ቀና ብሎ ይሄድ ጀመር። «ዑሚ፣ ሴሌ ሞልቷል፤ ሌላ ሚስት ፈልጊልኝ» እያለ ያበሽቃታል።

አንድ ቀን ሰብለወንጌል ዓሣ ልትገዛ መጥታ ብልቃጡን አገላብጣ አየችውና፣ «እናቴ፣ ይሄ መድኃኒት አይደለም። ተጨማሪ ምግብ ነው። ግፊት አያወርድም። አባባ የኔን ኪኒን አቁመውበታል እንዴ?» አለቻት።

«ኧረ አላቆመም» አለች ዑምኩልሱም። ዋሸች። ነርሷ ዞር ስትል፣ «ልጄ በሰው አገር ተቃጥላ የላከችውን ምግብ ነው ትለኛለች! ወይ ድፍረት!» ብላ ቢላዋዋን ወረወረች።

ከዚያ ጦርነቱ ደረሰ። በጥቅምት ሰው ልጁን አዝሎ፣ ከብቱን ትቶ ወደ ደሴ ሲጎርፍ፣ ዘይኑ «ጀልባዬን ጥዬ የት ልሂድ?» ብሎ ቀረ። እሷም እሱን ትታ የት ትሂድ። ከተማው ተያዘ፤ መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ ጠፋ። የሉብና ድምፅ ጠፋ። ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ ቤቱ ይንቀጠቀጣል። ዘይኑ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ዑሚ፣ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው» ማለት አመጣ። እሷ እንክብሉን ጨመረችለት።

አንድ ጠዋት ለሶላት ውዱእ ሊያደርግ እንደተነሳ ወደቀ። ፊቱ ወደ ግራ ተጣሞ፣ ምላሱ ተሳስሮ «ዑ... ዑ...» ብቻ ይላል። ጤና ጣቢያ ሮጣ ስትደርስ በሩ ተገንጥሏል፤ መደርደሪያው ባዶ ነው፤ ሰብለወንጌልም ተሰዳለች። ተመልሳ እንክብሉን ፈልቅቃ በዘምዘም በጠበጠችና በማንኪያ ሰጠችው። በከንፈሩ ጥግ ፈሰሰ። ያን ጊዜ ነው ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ቆርቆሮውን ያወጣችው። የግፊቱን ኪኒን አደቀቀች። እሱም ፈሰሰ። «ያ ረቢ፣ እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የገደልኩት!» እያለች መሬቱን ደበደበች። በማግሥቱ አረፈ። የጥሩሰው ባል ሙላትና ጥቂት ሽማግሌዎች የተኩስ ድምፅ እየሰሙ ቀበሩት። ለቅሶ የሚደርስ ሰው እንኳ አልነበረም።

ወራሪው ከወጣ፣ ኔትወርክም ከተመለሰ በኋላ ሽማግሌው አብዱልሰመድ ዑምኩልሱምን አስቀምጠው መከሯት። «አብሽሪ ልጄ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ልጅቱ በሰው ቤት ብቻዋን ናት፤ ማን ይይዛታል? ስትመጣ ተሰብስበን፣ አቅፈን እንነግራታለን።» ሁሉም ተስማማ። እውነታቸውን ነው።

እናም ዑምኩልሱም ትዋሽ ጀመር። ሉብና በደወለች ቁጥር አባትሽ ሐይቅ ወርዷል፣ ሶላት ላይ ነው፣ ጉሮሮውን ይዞታል ትላታለች። እንክብሉም መምጣቱን አላቆመም። የሞተ ሰው ጉልበት የሚጠግን እንክብል! አልጋዋ ሥር ታስገባዋለች፤ መጣል አትችል፣ መስጠት አትችል። ባሏን በለቅሶ ሳትሸኝ፣ ሐዘኗን እንኳ ጮክ ብላ ሳታለቅስ፣ በየስልኩ እንደገና ታስነሳውና እንደገና ትቀብረዋለች። ከዚህ የባሰ ምን አለ?

ሉብና ልትመጣ ነው ሲባል ግን ትንሽ ተነፈሰች። ኮንትራቷ እያለቀ ነበር። ሽማግሌዎቹም ተዘጋጁ።

አንድ ረፋድ ዓሣ እያጸዳች ስልኩ ጮኸ። የሉብና ድምፅ በደስታ ሰክሯል።

«እማዬ፣ ምሥራች! ኮንትራቱን አሳደስኩ። ማዳም ሌላ የሚበልጥ እንክብል አሳየችኝ፤ ውድ ነው፣ ግን አባዬን ልጅ ያደርገዋል። አሁን ከመጣሁ ይቋረጥበታል ብዬ መምጣቱን ተውኩት። እሱ ብቻ ይጠንክርልኝ።»

ዑምኩልሱም ቢላዋውን ጣለች። ልጇ እድሜዋን ለመቃብር ልትገብር ነው። ሽማግሌዎቹም፣ ምክሩም፣ ሁሉም ከጭንቅላቷ ጠፋ።

«ተይ ልጄ! ተይ፣ አትላኪ! አባትሽ የለም። ሉብናዬ፣ አባትሽ ሞቷል። በጦርነቱ ሞተብን።»

«ሉብና? ሉብናዬ፣ አለሽ?» ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ከበስተጀርባ አንዲት ሴት በአረብኛ ተቆጥታ ተጣራች። ሉብና በቀጭን ድምፅ፣ «ሃዲር፣ ማዳም» ብላ እሺታዋን መለሰች። ስልኩ ተዘጋ።

«ልጄን ያዙልኝ! ኧረ የሰው ያለህ፣ ልጄን ያዙልኝ!» ዑምኩልሱም መንገዱ መሀል ገብታ ጮኸች። ጥሩሰው ሮጠች፣ ባለሱቁ ሮጠ፣ ባለባጃጁ ሮጠ። በሁለት ክንዷ፣ በወገቧ፣ በቀሚሷ ጭምር ያዟት። እሷን ነበር የያዟት።