ጡረተኛው መምህር ቤታችን የዋሉ ዕለት

ልጄን ቤት እንደማስተምር ሲሰሙ ሌሎች ወላጆች የሚያነሱት ጥያቄ ያው ነው። ቴክሳስ ውስጥ፣ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ አንድ የልደት ግብዣ ላይም አልቀረልኝም። መጋዘን ውስጥ የምትሠራ፣ የሦስት ልጆች እናት የሆነች ጓደኛዬ ሳህኗን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሆምስኩል ነው አሉ የምታደርጊያት? ሶ ቀኑን ሙሉ ካንቺ ጋር ብቻ? ጓደኛስ ከየት ታገኛለች?»

«ፓርክ የምናገኛቸው ልጆች አሉ፤ ዋናም ትማራለች» አልኳት፤ መልሱን በቃሌ ይዤዋለሁ።

አባቷ ከወዲያ ሆነው ይሰሙን ኖሯል። ሠላሳ ዓመት ሳይንስ አስተምረው በቅርቡ እሷ ዘንድ የመጡ ጡረተኛ ናቸው። ከሁሉም የፈራሁት እሳቸውን ነበር።

«ልጄ፣ ካልከበደሽ አንድ ቀን መጥቼ ልይ» አሉኝ።

በጥቅምት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጓደኛዬ ዩለስ ከተማ ወዳለው ቤታችን ይዛቸው መጣች። እኔ ደብተር ደርድሬ፣ የቀኑን ዕቅድ ጽፌ እጠብቃለሁ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ግን በቅጡ ሰላም እንኳን ሳትላቸው እጃቸውን ይዛ ወደ ኩሽናው ጠረጴዛ ጎተተቻቸው። እዚያ በመረብ ሣጥን ውስጥ ከጓሯችን ቅጠል ላይ ያነሳቻቸውን አባጨጓሬዎች ታሳድግ ነበር። አንዷ ቢራቢሮ ልትሆን በሽፋን ተጠቅልላ፣ ሙሽሬ ሆና ከክዳኑ ተንጠልጥላለች። አረንጓዴ የነበረው ሽፋኗ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ፣ የታጠፈ ብርቱካናማ ክንፍ በውስጡ ይታያል።

መምህሩ መነጽራቸውን እያስተካከሉ «ይህ እንግዲህ ሦስተኛው ደረጃ...» ብለው ሲጀምሩ፣

«አባባ፣ ዝም በል! እየመጣች ነው!» አለቻቸው።

«ዝም ይበሉ ነው የሚባለው!» አልኩ ደንግጬ። እሳቸው ግን እኔን በእጃቸው ዝም አሰኙኝ።

ሽፋኑ ተሰነጠቀ። መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ ክንፍ የማይመስል እርጥብና ጭምድድ ያለ ነገር ወጣ። ከባዶው ሽፋን ላይ ተንጠልጥላ ሆዷ ሲኮማተር፣ ክንፎቿ ቀስ እያሉ ተዘረጉ። ከአቅራቢያችን ኤርፖርት የተነሳ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ አልፎ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ቀና ያለ ሰው አልነበረም። 

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጠመኔ ሥያታለሁ» አሉ መምህሩ ቀጭን በሆነ ድምፅ። «ስትወጣ ያየሁት ግን ዛሬ ነው።»

ልጄ አላመነችም። «ሪሊ? እና እንዴት አስተማርክ?»

«የነገሩኝን አምኜ።»

ስትጠይቃቸው፣ የማያውቁትን «እንጃ፣ አብረን እንፈልግ» ሲሏት ረፈደ። ደብተሮቹን የነካቸው የለም። ከሰዓት በኋላ ክንፏ ሲደርቅ ጓሮ ወስደን ለቀቅናት። ሜክሲኮ አገር ድረስ እንደምትበር ልጄ ነገረቻቸው።

«መንገዱን ማን አሳያት?»

«ማንም።»

መምህሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

መኪናው ጋ ስንደርስ ጓደኛዬ «እኔ፣ ማለቴ፣ የሥራ ሺፍቴን ትቼ ይህን አልችልም። ልጆቼም ትምህርት ቤታቸውን ይወዳሉ» አለችኝ።

«አድርጊ አላልኩሽም እኮ። ባለፈው ሳምንት በማካፈል ሒሳብ ምክንያት ሁለታችንም ስናለቅስ ነው የዋልነው።»

ከት ብላ ሳቀች፤ የእሷም ትንሹ ልጅ የቤት ሥራውን ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደሚደብቅ ነገረችኝ። አንዳችን ሌላችንን ሳንመረምር ስለ ልጆቻችን ስናወራ የመጀመሪያችን ነበር።

አባቷ ቀበቶ አስረው ከፊት ወንበር «በሚቀጥለው ማክሰኞ ማን ያመጣኛል?» አሉ።

እኔ ነኝ የማመጣቸው፤ እስከዛሬም አልቀሩም።