የተመለሰው ደም

ለልብስ ተኳሿ ላብ ብርቋ አይደለም። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ኖራለች፤ ከካውያው እንፋሎት ጋር ሆድና ጀርባ ሆና አታውቅም። ሃምሳን ካለፈች ወዲህ የመጣባት ሙቀት ግን ሌላ ነው። ከደረቷ ይነሳና አንገቷን አልፎ ፊቷን ይለበልባታል። አንድ ቀን ላቧ በታጠበ ነጭ ሸሚዝ ላይ ተንጠባጥቦ ሸሚዙ እንደገና ታጠበ። አብረዋት የሚሠሩት ልብስ አጣጣፊዎች «ምድጃ» የሚል ስም አወጡላት። ምን ታድርግ፣ አብራቸው ሳቀች። አንጀቷን የቆረጣት ባሏ ነው፤ ብርድ ልብሱን ስትገፍፍበትና መልሳ ስትስብበት ቢመረው፣ ትራሱን ይዞ ሳሎን ተኛ።

«ባልሽ ጨርሶ ሳያመልጥሽ ነይ ወዲህ!» አለቻት ታላቅ እህቷ። እትዬ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ምክር የሚለምናት፣ እጇ የማይሰስት ሴት ናት። ጠዋት የተወቀጠ ተልባ በውሃ፣ ማታ ስሙን እሷ ብቻ የምታውቀው ቅጠል ተፈልቶ። የፈላውን ራሷ በፔርሙዝ ታመጣለች፤ ታናሿ ጨልጣ እስክትጠጣ ቆማ ታያለች፤ ኩባያውን አጥባ ትሄዳለች።

እውነት ለመናገር ሙቀቱ ቀለል አለላት። እንቅልፍም መጣ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት!

አንድ ጠዋት የውስጥ ልብሷ ላይ ደም አየች። የወር አበባዋ ከቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል። ለእህቷ ደውላ በሹክሹክታ ነገረቻት፤ እትዬ እልልታዋን አቀለጠችው።

«መድኃኒቱ ሥራውን ሠራ! ልጅነትሽን መለሰልሽ! እንዳታቋርጪ!»

እህትማማቾቹ እንዲህ ተሳሳቱ፤ የሚመክራቸውም አልነበረም። ተኳሿ ቀይ ሹራብ ገዛች። ባልየውም ትራሱን ይዞ ተመለሰ። አጣጣፊዎቹ ምን እንዳገኘች ሲጠይቋት «ምድጃዋ ሙሽራ ሆነች በሉ!» እያለች ትስቃለች። ደሙ ግን እንደ ወር አበባ መጥቶ መሄድ አያውቅም፤ ሳይጠራ ወራት ተቆጠሩ። ቀሚሷ ሰፋት፣ ካውያው ከበዳት። ፍርሃት ሽው ሲላት እትዬ «ቆሻሻው እየወጣልሽ ነው» ትላታለች። እሷም ማመኑ ስለሚቀላት ታምናለች።

በመጨረሻ መተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ተዝለፍልፋ ወደቀች። ለእትዬ «ድካም ነው» ብላ ሆስፒታል ተመላለሰች። ውጤቱ በወጣ ቀን ወጣቷ ሐኪም ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋቻት።

«እናቴ፣ ደሙ ሲጀምርዎት ለምን አልመጡም?»

«ለምን እመጣለሁ? ደስ ብሎኝ!»

«ዓመትና ከዚያ በላይ ቆሞ የሚመጣ ደም የወር አበባ አይደለም። አንድ ጠብታም ብትሆን መታየት አለባት። ያለብዎት የማህፀን ካንሰር ነው። ያኔ ቢመጡ ብዙ ማድረግ እንችል ነበር፤ አሁን ተሰራጭቷል።»

«እህቴ የሰጠችኝ ቅጠል ነው ያመጣብኝ?»

«ቅጠሉ አይደለም። የጎዳዎት መቆየቱ ነው።»

መንገዱን ሙሉ ለእትዬ የምትናገረውን ስታሰላስል መጣች። ተናዳ ነበር፣ ምን ይደበቃል። «እልል ያልሽው በሞቴ ላይ ነው» ልትላት ቆርጣለች። የቤቷን በር ስትከፍት እትዬ ፔርሙዟን ታቅፋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እሷም አርጅታለች፤ ደረጃውን ስትወጣ የደከመው ትንፋሿ ገና አልተመለሰም።

«የት ጠፋሽ? ሲቀዘቅዝ እኮ ኃይሉ ይሄዳል» አለች እየቀዳች። «ደሙስ? አለ?»

ተኳሿ እህቷን አየቻት። ያን ሁሉ መንገድ የያዘችውን ንግግር ተወችው።

«አለ፣ እትዬ።»

«ተመስገን!» አለች እትዬ፣ ፊቷ በርቶ።

ታናሿ ኩባያውን ተቀብላ ጨልጣ ጠጣች። እትዬም ኩባያውን አጥባ ሄደች።