የአሎይስ የማለዳ ቁልቁለት

አሎይስ በበረዶው ወራት የተራራውን የገመድ ወንበሮች ይጠግናል፤ በበጋ ደግሞ በሐዲድ ቁልቁል የሚምዘገዘጉትን የመዝናኛ ጋሪዎች ይቆጣጠራል። በእኛ ዘንድ ፍሬን የፈተሸ ሰው የማለዳውን የመጀመሪያ ጋሪ ራሱ ይነዳል። አሎይስ ሃያ ሁለት በጋ ነድቷል።

ዛሬ ታች ሲደርስ ከጋሪው አልወረደም። ባለፈው ጥር ብርድ የመታው ቀኝ እጁ በቀበቶ ከፍሬኑ ዘንግ ጋር ታስሯል።

«እጅህ ድኗል አላልከኝም?» አልኩት፣ የፍተሻውን መዝገብ እንደያዝኩ።

«ፍሬኑ ደህና ነው፣ ቭሮኒ። ፈርሚ።»

«ፍሬኑማ ደህና ነው። እስቲ ጨብጠኝ፣ አንተ ሽማግሌ።»

ጣቶቹ መዳፌ ላይ እንደ እርጥብ ጓንት አረፉ።

«ከዚህ ካነሳሽኝ ቲኬት ቆራጭ ያደርጉኛል» አለ።

«እንግዳ መሃል ሐዲድ ላይ ቢቀር በየትኛው እጅህ ታወርደዋለህ?»

ቀበቶውን ፈታሁለት፣ መዝገቡ ላይ በነጂው ቦታ የራሴን ስም ጻፍኩና ጋሪውን ይዤ ወጣሁ።

ስመለስ የሥራ ቁልፎቹና ቀበቶው መዝገቡ ላይ ነበሩ፤ አሎይስ ግን አልነበረም።