ከቅጥር ውጪ

ልጄ ነርስ ናት፤ በጠና የታመሙ ሕፃናትን ታስታምማለች። ዘንድሮ የመልቀቂያ ማመልከቻ ጽፋ በቦርሳዋ ይዛ እንደምትዞር እናቷ ነገረችኝ። እንቅልፍ አጥታ ነበር፤ ከስታለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል ወዲያ የተማርኩት በራሴ ነው። ያወቅኩትን አጥብቄ እይዛለሁ።

«ሥራው አይደለም ያደከመሽ፤ ቤተ ክርስቲያን መተውሽ ነው» አልኳት።

«እሄዳለሁ እኮ፣ አባዬ።»

አንድም ቀን ውስጥ አይቻት ስለማላውቅ ዋሸችኝ ብዬ ተቀየምኳት።

አንድ እሑድ ወገቤን አሞኝ ቅዳሴው ሳያልቅ ወጣሁ። ልጄ ከጧፍ ሻጮቹ ጎን፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ የቅጥሩን ግንብ ተደግፋ ቆማለች።

«ምነው አትገቢም?»

«ሐሙስ አንድ ልጅ ሞተብን። የገነዝኩት እኔ ነኝ። ሬሳ የነካ ሳምንት አይገባም ያልከኝ አንተ አይደለህ? እኛ ጋ ደግሞ ሞት የሌለበት ሳምንት የለም።»

እውነት ነው፣ ብያለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ሥራ በጀመረች ሰሞን፣ የመጀመሪያውን ሬሳ አይታ ደንግጣ ስትመጣ፣ ጣቴን ቀስሬ ነበር የነገርኳት። አንብቤው ይሁን ሰምቼው አላስታውስም። ያላጣራውን ሕግ በልጁ ላይ የሚጭን አባት ከማያስተምር አባት ይብሳል።

በዚያው ቀን የንስሐ አባታችንን ጠየቅኩ።

«አንተ ደግሞ መቼ ቀሰስክ?» አሉኝ። «የሰው ልጅ አስታማ፣ ገንዛ የመጣችን ልጅ በር ላይ ታቆማለህ? ታጥባ ትግባ!»

ማታ እራት ላይ «ተሳስቻለሁ» አልኳት። ይህን ቃል በቤቴ ተናግሬው አላውቅም ነበር።

«ሁለት ዓመት፣ አባዬ» አለች።

በሚቀጥለው እሑድ ኢምፔሪያል አካባቢ ከታክሲ ወርዳ መጣች። በሩ ላይ ስትደርስ እግሯ እምቢ አለ። ግቢ አላልኳትም። እኔም ግንቡን ተደግፌ አጠገቧ ቆምኩ።

«አንተ ግባ እንጂ።»

«ደጅ መቆም የሚገባኝስ እኔ ነኝ።»

ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ እየተሰማ፣ ስለዚያ ልጅ ነገረችኝ። ከመሞቱ በፊት ጫማዬን እሰሪልኝ ብሏት ነበር። የትም መሄድ እንደማይችል እያወቀች አሰረችለት። ስትገንዘው የፈታችውም እሷው ናት። ይህን ለማንም አልተናገረችም። እኔ መምከሩን ትቼ የነጠላዬን ጫፍ ለእንባዋ አቀበልኳት።

አልቅሳ ስታበቃ ጫማዋን አውልቃ በሴቶች በር ገባች።

ማመልከቻው ዛሬም ቦርሳዋ ውስጥ አለ። ቅደጂው አላልኳትም።