ቢጫ ክዳን ያላት ጠርሙስ

ሳሊሀ የሰው ዓይን ስትጠብቅ ስድስት ዓመት ሞላት። ሐኪም ሆና አይደለም፤ ዐረብ ሀገር፣ ዴር ግባር በሚባል ሰፈር ባለ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ሐጃ የሚሏቸውን አሮጊት የምታስታምም ሠራተኛ ናት።

ሐጃ ግላኮማ አለባቸው። የዓይናቸው ግፊት ከፍ እያለ ነርቩን ይበላዋል። የሞራ ግርዶሽ ቢሆን አውጥተው ሌንስ ይተኩላቸው ነበር፤ ይኼኛው ግን የወሰደውን አይመልስም። የቀረውን ለመጠበቅ ጠዋትና ማታ ቢጫ ክዳን ካላት ጠርሙስ አንድ አንድ ጠብታ ይጨመርላቸዋል። ሳሊሀ የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርጋ ትጨምርና፣ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ በአፍንጫቸው በኩል ያለውን የዓይናቸውን ጥግ በጣቷ አንድ ደቂቃ ትይዛለች። አንድ ቀን ልጃቸው ማዳም ሩላ ልሞክር ብላ በጠርሙሱ ጫፍ ወጋቻቸው። ከዚያ ወዲህ የሌላ ሰው እጅ አላስጠጉም።

ኮሮና ገብቶ፣ የሰዓት እላፊው ሳይረን ጮኾ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲዘጋበት ሁለቱ በረንዳ ላይ ወሬ ጀመሩ። ሳሊሀ የአባቷን ነገር ያኔ ነው የነገረቻቸው። አባቷ ጁነዲን፣ የከሚሴ ሰው፣ ሃምሳ ሳይሞላቸው ዓይናቸው ጠፋ። ምች ነው ተባለ፣ ቡዳ ነው ተባለ። ሳሊሀ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምራ በበትራቸው እየጎተተች ገበያና መስጊድ አደረሰቻቸው። ሐጃ ይህን ሰምተው አለቀሱ። «ከእንግዲህ ልጄ ነሽ» አሏት። እሷም አመነች። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚባለውን ከአባቷ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች፤ ግን ማን በራሱ ላይ ያስበዋል?

በሰኔ መንገዱ ሲከፈት ሐኪም ቤት ሄዱ። አንድ አስታማሚ ብቻ ስለሚፈቀድ ሩላ መኪና ውስጥ ቀረች። ሐኪሙ ሐጃን አይቶ ሲጨርስ ሐጃ «ዶክተር፣ የሷንም እይልኝ። በግራ በኩል በሩን እየገጨች ነው። እጄ እኮ ናት» አሉት። ሐኪሙ የሳሊሀን የዓይን ግፊት ለካ። ከዚያ መሣሪያ ፊት አስቀምጦ «ብልጭታ ባየሽ ቁጥር ቁልፉን ተጫኚ» አላት በዐረብኛ። በግራ ዓይኗ ብትጠብቅ ብትጠብቅ ብልጭታው ጥቂት ነው። መሣሪያው የተበላሸ መሰላት።

ከዚያ ሐኪሙ ከሐጃ ጋር በእንግሊዝኛ ተነጋገረ። ሐጃ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩ ናቸው። ወረቀት ጻፈ፣ ለሳቸው ሰጠ።

ሊፍት ውስጥ ሳሊሀ «ሐጃ፣ ምን አለ?» አለች።

«ሐሳሲዬ ነው፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ። አለርጂ። ከማጽጃው፣ ከክሎሩ ነው» አሉና እጇን መታ መታ አደረጉላት። «ጓንት አድርጊ።»

ዘጠኝ ወር ሙሉ ጓንት አደረገች።

በመጋቢት የሐጃን የኢንሹራንስ ካርድ ስትፈልግ መሳቢያቸው ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አገኘች። እንግሊዝኛ አታነብም፤ የራሷን ስም ግን ከመኖሪያ ፈቃዷ፣ ከኢቃማዋ ላይ ታውቀዋለች፣ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ከስሟ በታች ያለውን ቃልም የት እንዳየችው አወቀች። የሐጃን ጠብታ ካርቶን አምጥታ ጎን ለጎን ያዘችና ፊደል በፊደል አስተያየች። አንድም አልጎደለም። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። በሐሳቧ የመጣባት የአባቷ በትር ነበር።

በማግስቱ ጥርሴን አመመኝ ብላ ብቻዋን ታክሲ ይዛ ያው የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ መዝገቡን አይቶ «በሰኔ ነግሬያቸው ነበር እኮ። በዚያው ሳምንት መጀመር ነበረብሽ» አለ።

«እሳቸው ምን አሉ?»

«እኔው እነግራታለሁ፤ ልጄ ሩላ ከሰማች ግን ወደ ሀገሯ ትልክብኛለች፣ ማን ያስታምመኛል አሉ።» የግራው ዓይን ያጣው እንደማይመለስ፣ ቀኙን ግን በጠብታ ማትረፍ እንደሚቻል ነገራት።

«ዶክተር» አለች፣ «ዐረብኛ እንደምችል አታውቅም ነበር?»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን መፈለግ ጀመረ።

ወደ ማታ፣ የመግሪብ አዛን ካለ በኋላ፣ ሐጃ እንደ ወትሮው አንገታቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው ጠበቁ። ሳሊሀ ግራ ዓይኗን ጨፍና በቀኙ አነጣጥራ ጠብታውን ጨመረች፣ ጥጉን ያዘች፣ አንድ ደቂቃ ቆጠረች። ከዚያ የራሷን ጠርሙስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ከሳቸው ጠርሙስ ጎን አስቀመጠች። ሐጃ ጠረጴዛውን ሲዳብሱ ሁለት ጠርሙስ እጃቸው ገባ። የሁለቱንም ክዳን ደጋግመው ነካኩ።

«ሐኪሙ ዘንድ ሄደሽ ነበር?» አሉ ቀስ ብለው።

«ሄጄ ነበር።»

«ምን አለሽ?»

«ሐሳሲዬ ነው አለኝ፣ ሐጃ። ከክሎሩ ነው።»